በሰያፍ የተቆረጠው ቆርቆሮ

ትናንት ቅዳሴ እንዳለቀ የደብራችንን ገበዝ፣ አባ ውብነህን፣ በሕዝብ ፊት «ሌባ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አዎ... ቄስን። ያውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ስሙኝ።

እኔ አናጢ ነኝ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ደግሞ በግድ አናጢ ነኝ... ሻለቃቸው ቤት መሥራት አማረውና ከነመዶሻዬ አስመጣኝ። ከጋፋት ማዶ ወዳለችው መንደራችን ከሄድኩ ወር አልፎኛል።

የቤቱ ጣሪያ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ድሮ ጨርሼ ነበር። ሰውየው ግን የፈለገው እንደ ክርን እጥፍ ያለ ቤት ነው። ሁለቱ ጣሪያዎች ወደ ውስጥ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃው ሁሉ ተጠራቅሞ ይወርዳል። እዚያ ከስር የታጠፈ ቆርቆሮ እንደ ቦይ ይዘረጋል፣ እነሱ «ኮንቨርሳ» ይሉታል። ከላይ የሚመጣው ቆርቆሮ በሰያፍ ተቆርጦ የቦዩ አፍ ላይ ያርፋል። ወደ ውጭ የሚወጣው ማዕዘንም ያው ነው፣ በሰያፍ ካልተቆረጠ አይገጥምም። እንዲህ ያለ ጣሪያ ቆርቆሮ ይበላል። አለቀብን።

ዓርብ ጠዋት የሥራ አለቃው፣ ያ ፊቱ ቀይ ጣሊያን፣ አንድ ክምር ቆርቆሮ አሳየኝ።

«ቆንጆ! ቶሎ ቶሎ!» አለኝ። አማርኛው ይኸው ነው።

አንዱን ሳነሳው በሰያፍ የተቆረጠ ነው። የሚቀጥለውም። ገረመኝ... በሰያፍ የተቆረጠ ቆርቆሮ ከሱቅ አይመጣም፣ የሚመጣው ከሰው ጣሪያ ላይ ነው። ጫፉን ስዳብሰው ወደ ላይ ታጥፏል። ነፋስ የገፋው ዝናብ እንዳይገባ ብዬ እንዲህ የማጥፈው እኔ ነኝ። የራሴ እጅ ነው! በዚህ አገር ደግሞ በዚህ ዓይነት የከደንኩት ባለ ስምንት ማዕዘን ጣሪያ አንድ ብቻ ነው... የኛ ሚካኤል።



«ይሄ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ቄስ! ቄስ አመጣ!» ብሎ ሳቀ።

ያን ቆርቆሮ እኮ ገበሬው ከአፉ ነጥቆ ነው የገዛው። ዳገቱን በሸክም ነው ያወጣነው። እና እኔ በገዛ እጄ በሻለቃው ጣሪያ ላይ መታሁት። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከስር ቆሟል፣ ምን ላድርግ? ይባስ ብሎ ደግሞ ልክክ ብሎ ገጠመ!

እሑድ አስፈቅጄ በማለዳ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳመላልስ ነበር። ስደርስ... ግማሹ ጣሪያ በሳር ተሸፍኗል፣ በግማሹ ሰማይ ይታያል። ክረምት ሊገባ!

ቅዳሴው እስኪያልቅ እንደምንም ታገስኩ።

«አባ ውብነህ! የሚካኤልን ቆርቆሮ ለጣሊያን የሰጡት አንቱ ነዎት?»

መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ምን አገኙበት?»

ዝምታቸው አንጀቴን አሳረረው። ያኔ ነው «ሌባ!» ያልኩት። ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላዬ «እውነቱን ነው!» ያለም አለ።

ድንገት አንድ ሰው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ለአርበኞች ስንቅ አቀብላችኋል ተብሎ ከሦስት የመንደራችን ሰዎች ጋር ታስሮ ነበር። ሰሞኑን መፈታቱን ከገበያተኛ ሰምቼ፣ ጥፋት አጥተውበት ነው ብዬ አምላኬን አመስግኛለሁ።

«አፍህን ዝጋ!» አለኝ።

«ለምን እዘጋለሁ?»

«በቆርቆሮው ነው የወጣሁት! ቆርቆሮው በአህያ ተጭኖ በእስር ቤቱ በር ሲገባ፣ እኛ ስንወጣ እዚያው በር ላይ ተላለፍን። እንዳንናገር አባ በግዝት አስረውን ነው!»



አባ ውብነህ ያኔ ቀና አሉ። «ሻለቃው ቆርቆሮ ጎደለኝ አለ። ሰዎቹን ስጠኝ አልኩት። ምን ላድርግ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን በሳርም ይከደናል።»

«ታዲያ እንዲህ ስሰድብዎ ለምን ዝም ይላሉ?»

አባ የሚያዩት ከኔ ጀርባ ነው። ዞር ስል እማማ ጥሩነሽ ቆመዋል። ከአራቱ እስረኞች እስካሁን ያልተፈታው የሳቸው ልጅ ብቻ ነው።

እማማ አልጮሁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቄሱ ተጠጉና፣

«አባ... ለኔ ልጅ ስንት ቆርቆሮ ጎደለ?» አሏቸው።

አባ ውብነህ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁሉንም ሰጥቻለሁ እኅቴ። አራቱንም እለቃለሁ ብሎኝ ነበር። ያለውን ሁሉ ከወሰደ በኋላ... አንዱን አስቀረው።»

አባን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና፣ ወደ እማማ ጥሩነሽ አዞሩኝ። ምን ልበላቸው? እጃቸውን ይዤ ቆምኩ።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ተመልሼ ጣሪያው ላይ ወጥቻለሁ። ሻለቃው ከስር ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በኮንቨርሳው ማማር ይደሰታል። «ቤሊሲሞ!» ይለኛል፣ በጣም ያምራል ማለቱ ነው።

እኔም ሚስማር በመታሁ ቁጥር ጮክ ብዬ ከነዘር ማንዘሩ እሰድበዋለሁ... ቆርቆሮ ላይ መዶሻ ሲወርድ ማን ይሰማል!