ሸካሚ ያጣው ሎሪ

ያን ቀን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሰሊጥ ገበያው አጠገብ ባለችው ምግብ ቤቴ ምሳ እያቀረብኩ ነበር። የአገሬ ጦርነት ካለቀ ገና ብዙም አልቆየም። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰውዬ ገባና «ፉል ስጪኝ፣ ዘይቱን በዛ አድርጊው» አለኝ። ድምፁን አወቅኩት...

ሀብቴ ነው! በጦርነቱ ጊዜ በድንበሩ ጥይት ሲያመላልስ የነበረው ሀብቴ። አንድ ክረምት ሎሪውን ጭቃ ሲይዝበት ጠመንጃ ይዞ መንደራችን መጣና ጥይቱን እንዲያጓጉዝለት አባቴን ከነበቅሎዎቹ ነዳው። አባቴም በቅሎዎቹም በዚያው ቀሩ።

አሁን በዚያው ሎሪ ሰሊጥ ይጭናል።

«የባለበቅሎው የካሳ ልጅ ነኝ። አባቴን የት ጣልከው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጦርነት ነበር እኮ እህቴ... ያለፈውን እንተወው። አሁን ሁላችንም የሰላም እንጀራ ነው የምንበላው» ብሎ ጉርሻውን ቀጠለ።

ትቼው ወደ ውጭ ወጣሁ። ሎሪውን የሚጭኑት ወይ የተበተኑ ወታደሮች ናቸው፣ ወይ እንደኔ ስደተኞች። ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚበሉት። ነገርኳቸው። አለቃቸው አስቻለው ትከሻው ላይ የነበረውን ጆንያ መሬት ላይ ለቀቀው።

«የኔንም ወንድም እንዲህ ነው የወሰዱት» አለና ሄዶ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቁሯል። ሀብቴ እጁን ሳይታጠብ ሮጦ ወጣ። «ወላሂ እጥፍ እከፍላለሁ!» ብሎ ጮኸ። የተነሳ የለም። ቢጨንቀው ጀለቢያውን ሰብስቦ ራሱ ይሸከም ጀመር። እኔም ዱካዬን አውጥቼ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥቂት ጆንያ እንደጫነ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። «ውሃ ስጪኝ።»

«መጀመሪያ አባቴን የት እንደጣልከው ንገረኝ።»

ዞሮ ሎሪውን አየ። «ድንበሩ ጋ፣ ባሶንዳ ከተማ ሳንደርስ ታመመ... ዛፍ ሥር ተውነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንሄድ ይጠራን ነበር» አለ።

ውሃውን ቀድቼ ይዣለሁ። እያየኝ መሬት ላይ ደፋሁት።

«ሂድ፣ ሰሊጥህ ሊርስ ነው» አልኩት። ራሰበትም።

እስከዛሬ «ይቅር አልሽው?» ይሉኛል። እኔ እንጃ... ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ደስ ይለኛል።