የሰኞ ጎብኚዎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የድረ ገጽ ባለሙያ ነኝ። በየሳምንቱ ድረ ገጻችንን ስንት ሰው ከየትኛው ከተማ ሆኖ እንደከፈተው ከሲስተሙ አውጥቼ፣ በኤክሴል አስተካክዬ ለኃላፊያችን እሰጣለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ሲሰለቸኝ ሪፖርቱ ሰኞ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ራሱ ተዘጋጅቶ በኢሜይል እንዲሄድ አደረግኩት። አርዕስቱንም በአማርኛ ጻፍኩለት፤ «የሳምንቱ ጎብኚዎች ብዛት በየከተማው»። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ዋልኩ።

ከወር በኋላ አቶ ሰይድ የሚባሉ አዲስ ኃላፊ ተመደቡልን። ደግ ሰው ናቸው፤ ከኮምፒውተር ጋር ግን አይተዋወቁም። ሪፖርቱን ጸሐፊያቸው እያተመች ትሰጣቸዋለች።

አንድ ቀን የከተማውን ሽማግሌዎች ሰብስበው ያቺን ወረቀት ከፍ አደረጉ። «ባለፈው ሳምንት ብቻ ከጂዳ አርባ ጎብኚ፣ ከአዲስ አበባ ዘጠና! ሰው እየመጣልን ነው፤ ማረፊያ አዘጋጁ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ሳላጨበጭብ ቀረሁ።

ወደ እኔ ዞረው «ባለሙያዋ እዚህ አለች። ቁጥሩ ልክ ነው አይደል ዘሀራ?» አሉ።

ቁጥሩማ ልክ ነው። ያ ሁሉ ሰው እያየ አለቃዬን ማሳፈር አቃተኝ። «አዎ» አልኩ።

ከፊት ወንበር ያጨበጭቡ ከነበሩት አንዱ አከራዬ ሐጂ ኡመር ናቸው። በማግስቱ ከክፍላችን ቀጥሎ ከልጆቿ ጋር የምትኖረውን ፋጡማን ጠሯት። «ኬሱማ ሊመጣ ነው ልጄ፣ እንግዳ! ክፍሉን ለማረፊያ ፈልጌዋለሁ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሏትና አሥራ አምስት ቀን ሰጧት።

ፋጡማ ለእኔ ጎረቤት ብቻ አልነበረችም። እናቴ እግሯን ያማታል፤ እኔ ቢሮ ስውል አንድ ነገር ስትፈልግ ግድግዳውን ታንኳኳለች፣ ፋጡማ እጇ ላይ ያለውን ጥላ ትመጣለች።

ማታ መጥታ «አንቺ እንግዶቹን ታውቂ የለ፤ ሌላ ማረፊያ አላቸው ብለሽ ለሐጂ ንገሪልኝ» አለችኝ። «ኢንሻአላህ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

እውነቱን ብናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አቶ ሰይድንም ራሴንም ውሸታም ማድረጌ ነው። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ። ዝም ብል ፋጡማ ትሄዳለች። አንድ ሰኞ ሪፖርቱን አቋረጥኩት። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አቶ ሰይድ ደወሉ። «ዘሀራ፣ ጎብኚዎቹ የት ገቡ?» መልሼ ቀጠልኩት። ራሴ የሠራሁት ነገር በር ዘጋብኝ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ፋጡማ ፍራሿን ባጃጅ ላይ ስታስጭን አየሁ። ያኔ አላስቻለኝም። ሮጬ ሐጂ ፊት ቆምኩ።

«ሐጂ፣ የሚመጣ ሰው የለም። ጎብኚ ያልነው በየስልኩ ድረ ገጻችንን የከፈተውን ሰው ነው። ጂዳ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየን።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ሐጂ ባጃጁ ላይ ያለውን ፍራሽ አዩ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አዎ አልሽ?»

ዞር ስል ፋጡማ ከኋላዬ ናት። ፋጡማ ሁሉንም ሰምታለች። ሐጂ «ግቢ ልጄ፣ እቃሽን መልሺ» ብለው ለመኗት። እሷ ግን ባቲ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ቤት ይዛ፣ ልጆቿንም እዚያ ትምህርት ቤት አስመዝግባ ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አብሽሪ» አለችኝና ባጃጁ ላይ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ለአቶ ሰይድ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ሳቁ። «ሽማግሌዎቹን እኔው አስረዳለሁ። አንቺ ቃሉን ቀይሪው» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የፈራሁት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን አርዕስቱ «ድረ ገጹን የከፈቱ ሰዎች» ይላል። ሪፖርቱም ሰኞ ሰኞ ራሱ ይሄዳል። በፋጡማ ክፍል ሐጂ ለእንግዳ ቀድመው ገዝተዋቸው የነበሩ ሁለት አልጋዎች ከነአዲስ አንሶላቸው እንዳሉ ናቸው። እናቴ አንዳንዴ መሄዷን ትረሳና ግድግዳውን ታንኳኳለች።