ከበረዶው ተራራ ያወረድኩት ቤተሰብ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መንዳት አልነበረም። አለቃዬ ኮምቢዋን፣ ሚኒባሷን ማለት ነው፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ብረት እግሬ ሥር ዘረገፈና «ጎማው ላይ እሰር» አለኝ። የበረዶ ሰንሰለት ነበር። ወሩ የካቲት ነው፣ በጆሃንስበርግ በጋ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔ ወፍራም የሱፍ ጓንት አጥልቄ መሬት ላይ ተንበርክኬ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ከአጥሩ ማዶ ካልሲ የሚሸጥ የሆሳዕና ሰው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ምን አጥፍታ ነው የምታስራት?» አለኝ።

አለቃዬ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ የኖረ የፎርድስበርግ ሕንዳዊ ነው፤ ትንሹም ትልቁም «አንክል» ይለዋል። ሰዓቱን አየና «ሃያ ሁለት ደቂቃ» አለ። «ተራራው ላይ ጣትህ በዐሥር ደቂቃ ይደነዝዛል። ፍታና እንደገና።» በዚያን ቀን ሰባት ጊዜ አሰርኩ፣ ሰባት ጊዜ ፈታሁ። መሪ የጨበጥኩት በማግሥቱ ነው።

ሥራችን በክረምት፣ ማለት በዚህ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቤተሰቦችን ከጆሃንስበርግ ወደ ሌሶቶ ተራሮች ወስዶ፣ በበረዶ ላይ ተንሸራተው ሲያበቁ መመለስ ነበር። ሹፌሩ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ተጠባባቂ ይባላል፤ መኪና ያጥባል፣ ሰው ሲጎድል ይተካል። የሜዳ ሹፌር ኤርፖርትና ትምህርት ቤት ይሠራል። የተራራ ሹፌር ብቻ ነው ድንበሩን የሚሻገረው። እኔ አገር ቤት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለነበርኩ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የተራራ ሹፌር ለመባል ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

የተማርኩትን ልጻፈው፤ ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል። እላይ ስታድሩ የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ ሌሊት ከጎማው ጋር በበረዶ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገቡና ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ናፍጣ ከጆሃንስበርግ ሞልታችሁ አትሂዱ፤ የቆላው ናፍጣ እዚያ ይረጋል፣ ሌሶቶ ገብታችሁ ቡታ ቡቴ ላይ ሙሉ። የፊት መስታወቱ በውርጭ ቢሸፈን ሙቅ ውኃ አታፍሱበት፤ እኔ አፍስሼ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀብኝ፣ አንክል ሁለት ቀን አላናገረኝም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ለመጨረሻ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የመጀመሪያው ክረምት ድንበሩ ተዘግቶ ኮምቢዎቹ ግቢ ውስጥ አቧራ ጠጡ። እኔ በአንዷ አትክልትና እሽግ እያመላለስኩ ወሩን ገፋሁት። ሁለተኛው ክረምት ላይ መንገዱ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ደግሞ ሲከፈት፣ ሥራችን ግማሹ ወረቀት ሆነ። ተሳፋሪ በየሁለት መቀመጫው፣ መስኮት ገርበብ፣ ሁሉም ማስክ፣ ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ። ሦስት ቀን ያላለፈው የምርመራ ውጤት ያልያዘ ሰው ድንበሩን አያልፍም። በየሳምንቱ የምናውቀው ሰው ይሞት ነበር። በስልካችን የዕድር መልእክት በገባ ቁጥር ሁላችንም መጀመሪያ ስሙን እንፈልግ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የተክሌን ቤተሰብ ጫንኩ። ተክሌ ፎርድስበርግ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል፤ በአንድ ዕድር ነን። ሚስቱ ጥሩነሽና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ሶስና አብረውት አሉ። ሶስና እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። የክፍሏ ልጆች በረዶ አይተው ሲመለሱ እሷ ብቻ በፎቶ እያየች ሁለት ዓመት «ዳዲ፣ ፕሮሚስ አድርገሃል» ስትል ኖራለች። በዓል የተጨመረበት ረጅም ቅዳሜና እሑድ ሲገኝ አባትዋ እጁን ሰጠ።

ተክሌ ደረጀ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ተክሌ ነው አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ወደዚህ ያስመጣው። ደረጀ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ የሰፈር ትንሽ ሱቅ። ተክሌ መንገድ ላይ ስለ እሱ ሲያወራ «ጉንፋን ቢጤ ይዞታል። ልቅር ብለው፣ ልጅቷን አታሳዝናት፣ ሂዱ አለኝ» አለኝ። ሦስቱም የምርመራ ወረቀታቸው ንጹሕ ነበር። ከደረጀ ጋር ከተገናኙ ወር አልፏቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረስን። ሶስና ከመኪናው ወርዳ በረዶውን በባዶ እጇ ዘግና ወደ አፏ ወሰደችው። እናትዋ «ጾም ነው!» አለቻት፤ «ማሚ፣ ውኃ እኮ ነው» አለች። ያን ማታ ጾመኞች ስለነበርን አራታችንም ድንች ጥብስ በልተን አደርን።

እሑድ ጠዋት ተክሌ ከባዱን ጫማ ተጫምቶ፣ መንሸራተቻውን አስሮ፣ ሁለት ጊዜ በቂጡ ተቀመጠ። ከዚያ እየሳቀ መጣና ስልኩን ሰጠኝ። «ጋሽ ሙሉ፣ ያዝልኝ። ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ መሰበራችን ነው።»

እኔ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆየሁ፤ የስልክ ሞገድ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በእኔ ስልክ ጋሽ ወልዴ ደወሉ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው።

«ሙሉጌታ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«ደረጀ ትናንት ማታ ሆስፒታል ገብቷል። ኦክስጅኑ አልበቃውም። ቀትር ላይ አስተኝተው የመተንፈሻ ማሽን ሊያስገቡለት ነው።»

«ለተክሌ ልንገረው?»

«ምን ነካህ! ገደል አፋፍ ላይ፣ ሚስትና ልጅ ይዞ? ሰው መንገድ ላይ እያለ ክፉ ወሬ ይነገረዋል እንዴ? ምክንያት ፈጥረህ ይዘኸው ና። ቤቱ ሲገባ እኛ ተሰብስበን እንነግረዋለን።»

ትክክል መሰለኝ። የገዛ አባቴን ሞት እኔም የሰማሁት እንዲሁ ነው፤ በማለዳ፣ በቤቴ፣ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ይዘውኝ። ወግ ነው፤ የኖርንበትም ጥሩ ነው ብለን ነው።

አራት ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ የተክሌ ስልክ ጠራ። አውጥቼ አየሁት። «ደረጀ» ይላል። ተክሌ ከእኔ መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ወድቆ ሶስና በሁለት እጇ እየጎተተች ታስነሳዋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደግሞ ጠራ። ባነሣው ምን እላለሁ? ሮጬ ብሰጠው ጋሽ ወልዴን ምን እላቸዋለሁ? ይህን ሳስብ ሁለተኛውም ቆመ። ሦስተኛ እንዳይጠራ ብዬ ስልኩን አጠፋሁት።

ከዚያ ወደ ተክሌ ሄድኩና «ውሽንፍር እየመጣ ነው፣ መተላለፊያው ሳይዘጋ እንውረድ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየ። «ሰማዩ ጥርት ያለ አይደለም እንዴ?»

«ተራራ እንዲህ ነው» አልኩት።

ሹፌሩ እኔ ስለሆንኩ አመነኝ። ሶስና «ጋሽ ሙሉ፣ ፕሊስ፣ ዋን ላስት ራን» እያለች፣ አንድ ዙር ብቻ እየለመነች፣ አለቀሰች። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቁልቁለቱን ጀመርን። ሞቴንግ በሚባለው መተላለፊያ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ በሚወርድበት፣ ተክሌ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለነፍሳችን ትጠነቀቃለህ» አለኝ። አፍሬ በመስታወት አላየሁትም።

ድንበሩ ላይ ስልኩን ጠየቀኝ፤ «ቻርጅ ጨርሷል» አልኩትና ከመሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተልሔም ከምትባለው ከተማ ነዳጅ ልሞላ ስቆም ግን ራሱ ከመሪው አጠገብ አነሣና ከፈተው። ባትሪው ግማሽ ነበር። ሁለቱን ጥሪ አየ። መልሶ ደወለ፤ የሚያነሣ የለም። ደግሞ ደወለ።

«አራት ሰዓት ላይ ደውሎ ነበር። አንተ ጋ ነበር ስልኩ።»

«አዎ።»

«አነሣኸው?»

«አላነሣሁትም።»

«ጋሽ ሙሉ፣ ወንድሜ ምን ሆኗል?»

ቤንዚን ማደያው መሃል፣ ቀጂው ቱቦውን ይዞ እየጠበቀ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ተክሌ ለጋሽ ወልዴ ደወለ። ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ገብቶለት ነበር። ጥሩነሽ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ አለቀሰች። ሶስና «ዳዲ፣ ኢዝ ሂ ኦኬ?» አለች፤ አባትዋ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እስከ ጆሃንስበርግ ሦስት ሰዓት ያህል ነዳሁ።

ደረጀ ከዚያ አልነቃም፤ ሐሙስ ዕለት አረፈ። ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ሰው ኃምሳ ብቻ ነበር። እኔ ቦታዬን ለቶኮዛ ጎረቤቱ ለቅቄ ከበሩ ውጭ ቆምኩ።

አንክል አንድ ቀን ቀድሜ ለምን እንደተመለስኩ ጠየቀኝ። «የአየር ሁኔታ» አልኩት። «ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ፀሐይ ነበር» አለኝ። እውነቱን ስነግረው ሰማኝና፣ «ሐዘናችሁን አከብራለሁ» አለ። «ግን ስለ አየር የዋሸ ሹፌር ነገ ስለ ፍሬን ይዋሻል። ቁልፉን አምጣ።» እስከ ክረምቱ መጨረሻ መኪና አጠብኩ። አልተከራከርኩም።

አርባው ካለፈ በኋላ ተክሌ ግቢው ድረስ መጣ። ሰላም አለኝ፣ እጁን አልነሣኝም። ይቅር በለኝ አልኩት።

«ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «ጋሽ ወልዴም ለእኔ ብለው ነው። ግን መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ ጋሽ ሙሉ። ደረጀ እኮ በሕይወቱ ነበር፤ እየጠራኝ ነበር።»

«ምን ሊልህ ፈልጎ ይሆን?» አልኩት፤ ባልጠየቅሁ ይሻል ነበር።

«እሱን ነው የማላውቀው» አለና ሄደ።

በቀጣዩ ክረምት አንክል ቁልፉን መለሰልኝ። ጡረታ እስክወጣ ያን ተራራ ወጥቼ ወርጃለሁ። ዛሬ አዲስ ሹፌር ምከረኝ ሲለኝ ስለ ሰንሰለቱና ስለ ማርሹ ከነገርኩት በኋላ ይህንን እጨምራለሁ። የታመመ ሰው ወሬ መርዶ አይደለም። ለተሳፋሪህ የተደወለ ስልክ የተሳፋሪህ ነው። ዳር ይዘህ ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ንገረው።