የባርሴሎና ለቅሶ በጉለሌ

ጌጤ ጉለሌ ወንዝ ዳር የጣልያን ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏን በየካቲቱ ጭፍጨፋ ከቤቱ አውጥተው ገደሉባት። ከዚያ ወዲህ ወሬ አታበዛም፤ የጠላት ሸሚዝ ነው ብላ ግን እድፉን አትተውለትም።

ከደንበኞቿ አንዱ ሪኖ የሚባል የማኪና መካኒክ ነበር። አማርኛ የለመደው ከቀን ሠራተኞቹ ስለሆነ መጀመሪያ ያወቀው ስድቡን ነው። ታናሽ ወንድሙ ስፔን ዘምቷል፤ የዘመተው ግን ሙሶሊኒን ሊወጋ ነው። ይህን ለጌጤ የነገራት ወሬ እንደማታወጣ ስለሚያውቅ ነበር።

«እዚያ ድሃው የመረጠው መንግሥት አለ» አላት ልብሱን ሊወስድ መጥቶ። «መሬት ለገበሬ ይሁን አለ። የገዛ ጄኔራሎቹ ሸፈቱበት። ለሽፍቶቹ ሙሶሊኒ ጦር ላከ፣ ሂትለር አውሮፕላን ላከ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ደግሞ መንግሥቱ መሣሪያ እንዳይገዛ በር ዘጉበት።»

«እኛንም እንደዚሁ ነው ያደረጉን» አለች ጌጤ፣ ሸሚዙን አጥፋ እየሰጠችው።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ባርሴሎና ተያዘች ተባለና የጉለሌ ሰው ሜዳ ወጥቶ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ። ጌጤ ወደዚያ ስታልፍ ሪኖን ማኪና ሥር ተኝቶ አገኘችው።

«ወንድምህስ?»

«እዚያው ከተማ ነበር» አለ ሳይወጣ። «ከእንግዲህ ወሬው የሚመጣ አይመስለኝም።»

«እናት አለችው?»

«ሞታለች።»

«እህትስ?»

«የለንም።»

ጌጤ ወደ ሜዳው ሄደች።

ሜዳው ላይ አንድ መኮንን ረጅም ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው ዓምሃ አሳጠረው፦ «ቀዮቹ ተሸንፈዋል። አጨብጭቡ ተብላችኋል።» ያን ጊዜ ጌጤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። መኮንኑ ምን ሆና ነው አለ። ዓምሃ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አለችው።

«ደስታ ሲበዛባቸው እንዲህ ያደርጋቸዋል» ብሎ ተረጎመ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጉለሌ ግን አልቃሽን ብቻዋን አይተውም። ጎረቤቷ ሾዴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ለቅሶውን ከጀመረች በኋላ፣ «ማን ሞቶ ነው?» አለቻት።

«የስፔን መንግሥት።»

«ቀዮቹ? ቤተ ክርስቲያን ያቃጥላሉ ይባል የለም እንዴ?»

«ላቃጠሉት እግዜር ይጠይቃቸዋል። ሙሶሊኒን ማን ዳኛ አደረገው? ቢያጠፉም ቢያለሙም የገዛ ጎጆአቸው ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ሾዴ፣ ደረቷንም መታች።

ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ወዲህ ሬሳ ያላገኘ፣ በግልጽም ማልቀስ የፈራ ሰው ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ ተከተሉ፣ ከዚያ ወንዶቹ። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም ይጠራል። ዓምሃ ላብ አጠመቀውና፣ «በጣም ተደስተዋል ጌታዬ» አለ። መኮንኑ ይህን ያህል ደስታ አላመነም።

ዓምሃ ከሥራው ተባረረ። ጌጤ ታሰረች። «የስፔንን ነገር ማን ነገረሽ?» እያሉ ሲገርፏት መልሷ አንድ ነበር፦ «እናንተ ናችኋ። ሜዳ ጠርታችሁ የነገራችሁን።» ከዚህ ሌላ ነገር ስላላገኙባት ለፋሲካ ለቀቋት።

በወጣች ማግስት ሪኖ ወንዝ ዳር መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ወንድሜን በስሙ ጠርተሽ አለቀስሽለት?» አላት።

«ስሙን መቼ ነገርከኝ?»

ነገራት። ለምላሷ ከበዳት፤ እስኪቀናላት ድረስ ደጋግማ አስጠራችው።