ጢሙ የእኔ አይደለም

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ይህን የምጽፈው በሠላሳ ዓመቴ፣ በድሮ የትያትር ወረቀታቸው ባስቆጠሩኝ ፊደል ነው።

ወጣት ሳሉ ወንጂ መድረክ ላይ ሲተውኑ አገዳ ቆራጩ ሁሉ ያለቅስ ነበር አሉ። አዲስ አበባ ይወስዷቸዋል ተባለ፤ የወሰዳቸው የለም። ካረጁ በኋላ ላንጋኖ ፊልም ሊቀርጽ የመጣ ዳይሬክተር አያቸውና፣ “አባባ፣ የባሕታዊ ቦታ አለኝ። እስክደውል ጢምዎን እንዳይነኩት” አላቸው።

ሰባት ዓመት አልነኩትም። ያ ሰውዬ ያልደወለው ስልክ አጥቶ አይደለም።

በየቅዳሜው አዳማ ያለችው ፀጉር ቤቴ ይመጡና ወንበሩ ላይ ተደላድለው፣ “ፀጉሩን ብቻ። ጢሙ የእኔ አይደለም፣ የፊልሙ ነው” ይሉኛል።

“ጋሼ፣ ፊልሙ ተሠርቶ አልቆ ቢሆንስ?” ይላቸዋል ተራ የሚጠብቅ ሰው።

“ያለ እኔ? ምን ሊመስል!”

ቤቱ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ያ ሳቄ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ከተኙበት አልጋ፣ “ይብቃኝ፤ ምላጭህን አምጣ” አሉኝ። ላጨኋቸው። ስጨርስ ጉንጫቸውን ዳበሱና ፈርተው አዩኝ።

“አሁን ቢደውሉስ?”

“ይበቅላል ጋሼ” አልኳቸው። ዋሸኋቸው።

ቅዳሜ ሲሆን በእሳቸው ወንበር ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። “ጢሙስ?” ብዬ እጠይቃለሁ።

ሁሉም “ላጨው” ይለኛል።