ሦስት መቶ ወንበር

የእህቴ ባል አውቶቡስ ነጂ ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ፍሬኑ» ይሉታል፤ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የተቀመጠው ከፊት ካለው ጋር ስለሚተዋወቅ። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ልትጠራጠሩ ስለምትችሉ ነው።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከእህቴ የስፌት መኪና አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር የሲዲ ማጫወቻ አለ። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ዕቃውን ይሸጥ ነበርና ጋሼ ገዝቶ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ አመጣው። ሦስት መቶ ሲዲ ይይዛል። የመስታወት በሩን ሲከፍቱት ሲዲዎቹ ታጥበው እንደተደረደሩ ሳህኖች ዙሪያውን ቆመው ይታያሉ። በሪሞት ቁጥር ሲነኩለት ጉርርር ብሎ ይዞራል፣ ቆም ይላል፣ ረስቶታል መሰለኝ እስኪባል ድረስ ያስባል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይዘፍናል። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሁለት ሲዲ አንድ ቦታ ከገባበት ነክሶ አይለቅም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የተጻፈለትን የዘፋኝ ስም ሁሉ ይረሳል፤ የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው። እህቴ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስቴ ሲጠፋባት ስም መጻፉን ተወችውና ቁጥሩን በጭንቅላቷ ያዘች።

እህቴን እትዬ እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ናት። ጋሼ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ስለሚገባ ቀኑን ሙሉ ቤቱም ማጫወቻውም የእሷ ነበሩ። አንድ ሲዲ ባገኘች ቁጥር ባዶ ቦታ ላይ ታስገባለች፤ አንዴ የገባ አይነቃነቅም። ከዓመታት በኋላ ሪሞቱን ሳታየው ነበር የምትነካው። ዓይኗ መርፌው ላይ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ ግራ እጇ ሪሞቱ ላይ። እኔ የምኖረው ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ዳቦ ቤት ስለምሠራ ሌሊት ወጥቼ ረፋድ ላይ እመለሳለሁ፤ እንቅልፌን የምተኛው በእሷ ዘፈን ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ቢኖረኝም የሚሰማኝ አልነበረም።

ከዚያ ጋሼ ጡረታ ወጣ።

ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይላል የአገሬ ሰው። ጋሼ ልጅ ስላልነበረው በራሱ ትዳር ጀመረ። እትዬ ጨርቅ ልትገዛ የወጣች ቀን መስታወቱን ከፈተና ሦስት መቶውንም ሲዲ አውጥቶ ምንጣፍ ላይ ዘረገፈ። ከእንቅልፌ ነቅቼ ስገባ በመካከላቸው ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ሕዝቡን አየኸው?» አለኝ። «ሽማግሌው ከኋላ፣ ጎረምሳው ከፊት። እንዲህ ተዘበራርቆ ተሳፋሪ አይጫንም።»

አዛውንት ዘፋኞችን በሩ አጠገብ አስቀመጠ፣ ለመውረድ እንዲመቻቸው። ሴቶቹን ቀጥሎ። ጎረምሶቹን ከኋላ፣ መሣሪያ ብቻ የሚጫወቱትን ደግሞ፣ አፋቸው ስለማይረብሽ፣ ከሾፌሩ ጀርባ። የሲዲውን ቦታ ወንበር ነበር የሚለው። ማታ እትዬ ስትመጣ ምንም አልነገራት። በራሷ ጊዜ አይታ እንድትደሰት ፈልጎ ነው።

በማግስቱ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጣች፤ እናቷና አክስቷም አብረዋት ነበሩ። እትዬ በአፏ ስፒል ይዛ፣ ለሙሽሮች የምታሰማውን ዘፈን ልትከፍት ሪሞቱን ነካች። ማሽኑ ዞረ፣ አሰበ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ አንድ ወንድ ጮክ ብሎ፣ «ከእኔ በኋላ ድገሙ! ሻንጣዬ ጠፍቷል!» አለ። ጋሼ ዱሮ ለውጭ አገር ተሳፋሪዎች ብሎ የገዛው የቋንቋ ትምህርት ነበር። አክስትየዋ ደገመች። እትዬ ሌላ ቁጥር ነካች፤ አንድ ሽማግሌ ስለሞተ ወዳጁ እያለቀሰ ዘፈነ። የሙሽራዋ እናት ቦርሳዋን አነሳች።

ሲወጡ እትዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና፣ «ማነው የነካብኝ?» አለች።

ጋሼ ፈገግ ብሎ፣ «ተራ አስያዝኳቸው» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ቃል ግን የለም። ማጫወቻውንም ዳግመኛ አልነካችውም። ቤቱ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ቀረ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ለጋሼ ሳይሆን ለእኔ፣ እሱ እየሰማ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ፣ ለሥራ። ቅዳሜ ጠዋት ባለ ጋሪው መጥቶ የስፌት መኪናዬን ይወስድልኛል። ማታ ማታ ለእንቅልፍ እመጣለሁ።»

ጋሼ ያን ዕለት ክፍሌ ድረስ መጣ። ተቀምጦ አያውቅም፤ ተቀመጠ።

«ቀን ቀን ብቻዬን ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

«እሱን ሲዲ ስታወርድ ነበር ማሰብ።»

«ፈርቻለሁ» አለ። ሠላሳ ዓመት ጠመዝማዛ መንገድ የነዳ ሰው ነው፤ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «እንደነበሩ ልመልሳቸው። አንተ ቁጥራቸውን ታውቃለህ?»

አላውቅም። እኔ ተኝቼ ነው የምሰማው። እትዬን መጠየቅ ደግሞ አይሆንም፤ የማሽኑ ስም ከተነሳ ፊቷ ይዘጋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኩት። ፍሬን እንጂ የኋላ ማርሽ የለውም እያሉ የሚያሙት ግን ውሸታቸውን ነው። ኮቱን ለብሶ ወጣና ወደ ደንበኞቿ ቤት ሄደ።

በየበሩ ያንኳኳል። ሴቲቱ ስትወጣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ባለቤቴ ልብስ ስትለካሽ የምታሰማሽ ቁጥር ስንት ነበር?» ይላል። አንዱ ባል፣ «የምን ቁጥር?» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ወጥቶበታል። ሰፈሩ፣ ጡረታ ሰውየውን አዞረው ብሎ ማውራት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ አልሰማም፣ እኔ ዳቦ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

ግን ያውቁ ነበር፤ ቁጥሩ ማሽኑ ግንባር ላይ እየበራ ይታያቸዋል! በክሊኒኩ የምትሠራው ወፍራሟ ነርስ፣ «አስራ ዘጠኝ» አለችው ሳታመነታ። «ወገቤን ስትለካ ነው። ሆዴን ወደ ውስጥ ስለምስብባት ያንን ቀስ ያለውን ትከፍትና ስረሳው ትለካኛለች።» አስተማሪዋ ለረጅም ቀጥ ያለ ስፌት የሚከፈተውን ፈጣን ዘፈን ነገረችው። ሌላዋ ዚፕ ሲቀየር የሚሰማውን፣ ሌላዋ ልብሱ ተበላሽቶ እንደገና ሲፈታ የሚሰማውን። ጋሼ የነገሩትን እያንጎራጎረ ይመለሳል፤ እትዬ ስትወጣ ጠብቆ ተሳፋሪውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጣል። ማንም ያልመሰከረላቸውን ካርቶን ውስጥ አጠራቀማቸው።

አንድ ቁጥር ግን ሁሉም ነግረውት ዘፈኑን የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት መቶ አስራ ሰባት።

«እሱን የምትነካው ሲመሽ ነው» አለችው ነርሷ። «እሱን ከነካች ጨርሳለች ማለት ነው። ‹በሉ ውጡልኝ፣ ሰውዬዬ ሊገባ ነው› ትለናለች። ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ እኛ በር ላይ ነን። ምን እንደሚዘፍን አልሰማንም።»

ጋሼ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር። «እኔ ነኛ የምሰማው» አለ። «በየቀኑ ስገባ የሆነ ነገር ይዘፍናል። ይዘፍናል… ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ውሃው ለብ ብሎ ይቀርብልኛል፣ እግሬን እታጠባለሁ። ዘፈኑ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።»

እኔም በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር የምገኘው። ላሾፍበት አስቤ ነበር፣ አንጀቴን በላውና ተውኩት።

ዓርብ ማታ እትዬ ክሯንና መቀሶቿን በቅርጫት ሰብስባ ጨረሰች። ጋሼ ሪሞቱን ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠና ወደ ወጥ ቤቱ በር ሸሸ። እኔ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ፤ ሰው ነኝና። እትዬ ሪሞቱን አየችው። አስራ ዘጠኝን ነካች። ቀስ ያለው ዘፈን መጣ። ቀና አለች። ሌላ ነካች፣ መጣ። ሌላ ነካች፣ ያልጠበቀችው ዘፈን መጣ፣ ስህተት ነበር፤ አለፈችው። ከዚያ መስኮቱን አየት አደረገች። መሽቷል። ግራ እጇ ብቻውን ሁለት መቶ አስራ ሰባትን ነካ።

ማሽኑ ዞረ። ቆመ። አሰበ። ምንም አልዘፈነም።

«እሷን አጣኋት» አለ ጋሼ ከበሩ። «አገር ምድሩን ጠየቅሁ። የሚያውቃት ጠፋ።»

«ከማን ልታገኝ ነበር?» አለችው። ከስንት ቀን በኋላ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ከአንተ ሌላ ማን ነበር እዚህ?»

ጋሼ ጥግ ወዳለው ካርቶን አየ።

«ውጣ» አለችው።

ፊቱ አመድ ሆነ። ኮቱን ሊያነሳ ሲል፣ «አይ ልብ አውልቅ!» አለች፤ «ውጣና ግባ ነው የምልህ።»

ወጣ። በሩ ሲዘጋ እትዬ ወደ ካርቶኑ ሄደች፣ ብዙም ሳትፈልግ አንዷን ሲዲ መዝዛ ቦታዋ ላይ አስገባች፣ ቁጥሩን ነካች። ውሃ በሳፋ ቀድታ አቀረበች። ማሽኑ ቀጭ ሲል ጋሼ ከውጭ ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ።

አንዲት ሴት ነበረች የምትዘፍነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው በደህና እንዲገባ ትለምናለች። ሌላ ምንም የለውም ዘፈኑ። ጋሼ አንድ ጫማውን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሰማ። አልታጠበም፣ አልተቀመጠም። ሲያልቅ ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

«ውሃው ቀዘቀዘ» አለች እትዬ።

«ይቀዝቅዝ። ድገሚያት።»

ደገመችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንተ ደግሞ ምን ታያለህ? ለባለ ጋሪው ደውልና ነገ አትምጣ በለው» አለችኝ።

ደወልኩ። ባለ ጋሪው ተቆጣ፤ ሌላ ሥራ ትቼ ነበር፣ ምን ተገኘ ብላችሁ ነው፣ አለኝ።

«ሰውየው ገና አሁን ቤቱ ገባ» አልኩት።