ሊቀመንበሩና ርችቱ በአንድ ፎቶ

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በደርግ ጊዜ፣ ጅማ። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ጅማ መርካቶ ገበያ ባለችው የአጎቴ ፎቶ ቤት፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ፊልም አጥባለሁ፣ እርጥቡን ፎቶ እሰቅላለሁ። ካሜራ መንካት ግን አልተፈቀደልኝም። አጎቴ የእናቴ ወንድም ስለሆኑ እንደ አገራችን ደንብ በኦሮምኛ ኤሱማ እላቸዋለሁ። ኤሱማ የመታወቂያ ፎቶ ጌታ ነበሩ። አገጭ ቀና፣ ዓይን ወደኔ፣ ትንፋሽ ያዝ፤ በቃ። ከዚህ ሌላ አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም።

ታዲያ አንድ የክረምት ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ለአብዮት በዓል ርችት እንደሚተኮስ፣ እሱም ርችቱን ከኋላው አድርጎ ፎቶ መነሳት እንደሚፈልግ፣ ፎቶውም ትልቅ ተደርጎ አዳራሹ ውስጥ እንደሚሰቀል ነገራቸው። ኤሱማ እሺ አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? የፎቶ ቤቷ የሥራ ፈቃድ እድሳት እሱ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ሁለት ወር አልፎታል። እሱ ካልፈረመ ከበዓሉ በኋላ በሯ ይታሸጋል። ማታ ይህንኑ ለእናቴ ነገሯት።

ኤሱማ በጨለማ ፎቶ አንስተው አያውቁም። ርችት ደግሞ ለልምምድ አይገኝም። መብረቅ ግን፣ የጅማ ክረምት ይመስገን፣ በየምሽቱ አለ። ከተማዋ ቁልቁል ከምትታይበት ከጅሬን ኮረብታ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ አቁመን መብረቅ ማደን ጀመርን። ብልጭ ሲል ኤሱማ ይጫናሉ። ብልጭ፣ ቀጭ። ብልጭ፣ ቀጭ። ፊልሙን ሳጥበው ምንም የለበትም። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ "ወንድሜ፣ መብረቁንም አገጭ ቀና ይበሉት እንጂ" ትላቸዋለች።

በሦስተኛው ምሽት ኤሱማ ጨለማ ውስጥ የካሜራውን የፍጥነት ቀለበት ሲያዞሩ ተሳስተው፣ ዳግም እስኪጫኑት ዓይኑ ሳይዘጋ የሚቆይበት ላይ አደረጉት። ልክ እንደተጫኑ ዝናቡ ገፍቶ መጣ፤ የተሰጣውን ልብስ ሊያነሱ ሮጡ፤ የካሜራው ዓይን እንደተከፈተ ቀረ። ተመልሰው እስኪዘጉት ሰማዩ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቋል። በማግስቱ ፎቶውን ሳወጣው፣ ሁለቱም መብረቆች ተነቅሎ እንደተንጠለጠለ የቡና ሥር ተንዠርግገው ወጡ። ለካ መብረቅ አይባረርም። በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው፤ ጨለማው ፊልሙ ላይ ምንም አይጽፍም፣ ብርሃኑ ሲመጣ ራሱን ጽፎ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ኤሱማ ሰዓት የሚቆጥሩት በመቁጠሪያቸው ሆነ። አንድ ፍሬ፣ አንድ ሱብሃነላህ። ሠላሳ ሦስት ሲሞላ ይዘጋሉ። ነጎድጓዱ ሲያስደነግጣቸው ቁጥሩ ይጠፋባቸውና እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፤ አንዳንዱ መብረቅ ሁለት ዙር ተቆጥሮለታል ማለት ነው።

የበዓሉ ምሽት ሊቀመንበሩ አዲስ ኮት ለብሶ በረንዳችን ላይ ወጣ። ኤሱማ አሥር ፍሬ እስኪቆጥሩ እንዳይነቃነቅ አስረዱት። የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ዞሮ አየ። ሁለተኛውም ሲፈነዳ ዞሮ አየ። ኤሱማ እባክዎ ጓድ ሊቀመንበር ሲሉት፣ "እኔ መች ተነቃነቅኩ?" ይላል፣ እየዞረ። በመጨረሻም ፎቶውን ጨርሶ ረስቶ ከካሜራው ፊት ገለል አለና እንደ ሕፃን አንጋጦ ይመለከት ጀመር።

በማግስቱ ፊልሙን አጠብኩት። ርችቱ አበባ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ጭስ። በአንዱ ላይ ርችቱ በሆዱ ያልፋል፣ በሌላው ሁለት አፍንጫ አለው። ኤሱማ ጨለማው ክፍል ወለል ላይ ተቀመጡ።

"ሊቀመንበሩን ጅኒ አደረግነው። ፎቶ ቤቷን እርሻት፣ ልጄ።"

እኔ የመጨረሻውን ምስል እያየሁ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ከፊት ገለል ያለበትን፣ ርችቱ ብቻውን የወጣበትን። ያን ጊዜ ልጆቻቸው ጦር ሜዳ የሄዱባቸው እናቶች የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ይመጡና ከጎኔ አቁሙልኝ ይሉን ነበር። ኤሱማ እናትየዋን ፊልሙ ላይ ምንም በማይጽፈው ጥቁር መጋረጃ ፊት ያነሷትና፣ የልጁንም ፎቶ እዚያው አንስተው፣ ሁለቱን የታጠቡ ፊልሞች፣ ኔጌቲቮቹን፣ ደርበው በአንድ ወረቀት ያወጧቸዋል። ስንቱን አጥቤያለሁ።

"ኤሱማ፣ እናትና ልጅ ከተገናኙ፣ ሊቀመንበርና ርችትስ?" አልኳቸው።

ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉ።

ቀበሌ የሄድኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ስለሚሰቀል ፊቱ ጠርቶ እንዲወጣ በቀን አንድ ጊዜ እንድናነሳው ነገርኩት፤ ውሸት የለበትም። ያንኑ ኮት ለብሶ መጣና ጥቁሩ መጋረጃ ፊት ቆመ። ኤሱማ ካሜራው ላይ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። ሊቀመንበርን አገጭ ቀና ማለት አልደፈሩም። በስተመጨረሻ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉልኝ። እሳቸው ቦታ ገባሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ" አልኩ። ቀና አደረገ። ተጫንኩ።

ሁለቱን ኔጌቲቭ ደርበን ፎቶውን ስናወጣው ሰውዬው ርችቱን ራሱ ያዘዘው ይመስል ከሥሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሊወስደው ሲመጣ ይዞት ወደ በሩ ብርሃን ሄደና ብዙ አየው።

"ያን ምሽት እንዲህ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት?"

"እንደ ምሰሶ ነበሩ" አሉ ኤሱማ፣ ወለሉን እያዩ።

ፈቃዱ በሦስተኛው ቀን ተፈርሞ መጣ።

ቡና ሲለቀም ከጅማ ብዙ በማትርቀው የቡና ከተማ አጋሮ ገንዘብ ይገባል፤ ሰዉም ፎቶ ይነሳል። ኤሱማ በየዓመቱ ብቻቸውን ነበር የሚሄዱት። በዚያ ዓመት እናቴን ራሳቸው አስፈቀዷትና ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የአውቶብስ ቲኬት ቆረጡ። አጋሮ ስንወርድ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና ደንበኛ ሊጠሩ ወደ ቡና ሻጮቹ ሄዱ።